ከመጋረጃ ጀርባ የተቀመጠች ሐኪም

በቀወት ቆላ ከብት የታመመበት ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ታምራት ቤት ነበር። ታምራት ግን ስለ ከብት መድኃኒት አንዲት ነገር አያውቅም። የምታውቀው ሚስቱ ፈለቀች ናት። ከአባቷ ተምራ፣ ገና ኮረዳ ሳለች የወለቀ ታፋ ትመልስ፣ አልቅት የገባበትን በሬ በትምባሆ ጭማቂ ታስነጥስ ነበር።

ካገባት በኋላ ታምራት ከለከላት። «ሴት ሥር ስትምስ ከታየች ጠንቋይ የሚል ስም ይወጣላታል። የእኔ ሚስት በሰው ደጅ እየዞረች የከብት አፍ አትከፍትም» አለ። ስለዚህ በሽተኛው ከብት ግቢ ይቆማል፤ እሷ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ትቀመጣለች። እሱ እየተመላለሰ «ሆዱ ተነፍቷል፤ ማመስኳትም ትቷል» ይላታል፤ እሷ «የትኛው ጎኑ?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ያዘዘችውን ወጥቶ ያደርጋል፣ ምርቃቱንም እሱ ይቀበላል። አገሩ ነገሩን ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። እንዲህ እንዲህ ሲል ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ ልጃቸው ፌቨን ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጣች። የምታጠናው ታሪክ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏም በድሮዋ ህንድ ከቤት እንዳይወጡ፣ ከባዕድ ወንድ ዓይን እንዲጋረዱ ስለተደረጉ ሴቶች ነበር። አንድ ከሰዓት እናትና ልጅ ማሾ ሲለቅሙ ታወራላት ጀመር።

«የትልልቅ ቤት ሴቶች ቢታመሙ እንኳ ወንድ ሐኪም አያያቸውም ነበር፣ እማዬ። እጃቸውን ብቻ በመጋረጃው አሾልከው ያወጡለታል፤ እሱ የደም ሥራቸውን ዳብሶ ይሄዳል። በዚህ ሳቢያ ስንቷ ሞታለች።»

«ታዲያ ዝም አሉ?»

«ዝም ያላሉም ነበሩ። ተምረው ራሳቸው ሐኪም የሆኑ አሉ። ተደብቀው ፊደል ቆጥረው የደረሰባቸውን የጻፉም አሉ። ብዙ ተሰደቡበት።»

ፈለቀች የጨበጠችውን ማሾ ሰፌዱ ላይ ለቀቀችው። «እዚያስ የተጋረዱት በሽተኞቹ ናቸው» አለች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ራቢዓ እያለከለከች መጣች። ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ናት፤ ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት ላም ነው። «ወላሂ ላሜ ልትሞትብኝ ነው! የጥጃው የፊት እግሮች ብቅ አሉና ቀሩ።»

ታምራት ወደ መጋረጃው ገባ። «ምን ላድርግ?»

«ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ታጥፏል። እጅ ገብቶ ማቃናት አለበት።»

«አስረጂኝና እኔ ሄጄ ላቃናው።»

«ይሄ በቃል አይነገርም። እጄ ነው የሚያውቀው።» ተነሣች።

«አንቺ! እዚያ እኮ ወንድ ተሰብስቧል።»

«እንግዲያው ይዩኝ» አለችና ሳሙናና ዘይት ይዛ ወጣች።

ራቢዓ ደጅ አዛውንቱ ይልማ ሲያዩዋት ከዘራቸውን ተደግፈው «ታምራት ምን ነካው? ሚስቱን ነው የሚልክ?» አሉ።

«ማንም አልላከኝም፣ ጋሽ ይልማ። አምና በሬዎትን ያዳንኩት እኔ ነኝ። ይልቅ ጅራቷን ይያዙልኝ።»

ሽማግሌው ዙሪያውን ቃኙ፤ በነገሩ የሚደግፋቸው ሲያጡ ከዘራቸውን ጥለው ጅራቱን ያዙ። ፈለቀች ክንዷን እስከ ብብቷ ታጥባ ዘይት ተቀባች። ላሟ ምጧ ጋብ ሲል ጥጃውን ወደ ውስጥ ገፋችው፤ አፍንጫውን በጣቶቿ ፈልጋ አገኘች፤ አንገቱን ቀስ ብላ አቃናች። ምጡ ሲመለስ ከራቢዓ ጋር ሳቡት። ጥጃው ዝልፍልፍ ብሎ ወደቀ። አፉን ጠርጋ በጭራሮ አፍንጫውን ስትነካካው አስነጠሰ። ራቢዓ እልል አለች።

ማታ ታምራት «አዋረድሽኝ» አላት።

«ሃያ ሁለት ዓመት በእኔ እውቀት ተመርቀህ ኖረሃል። ከእንግዲህ ምርቃቴን ራሴ እቀበላለሁ።»

ሁለት ሳምንት አኮረፋት። የፈራው ስምም አልቀረም፤ ወንዝ ወርደው «ጠንቋይ» ብለው ያሟት ነበሩ። እሷ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያት ሥሯን ማሰች።

አንድ ቀን ከማጀቴ ከተማ በኩል አንድ ሰው የምታነክስ አህያ እየነዳ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ «ጋሼ ታምራት የሉም?» ሲል ተጣራ።

«አለ» አለች ፈለቀች በሩን እየከፈተች። «ከብት የማክመው ግን እኔ ነኝ። የትኛው እግሯ ነው?»