የደቡቡ ጣቢያ

በልጄ በኒል ላይ ፍርድ የሚሰጠው ሐሙስ ቀን ነበር። ፍርድ ቤቱ ተጎታች ቤቴን ካቆምኩበት በረሃ ወደ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። አልሄድኩም።

ኒል ባለፈው መጋቢት ጠጥቶ ሲነዳ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ሴትየዋ አስተማሪ ነበረች። የደቡቡ ጣቢያ ፍርዱን በአሥራ አንድ ሰዓት ዜና እንደሚያቀርብ ጠዋት በሬዲዮ ሰማሁ። ስንት ዓመት እንደተፈረደበት ማወቅ ፈለግሁ። ፊቱንም ማየት ፈለግሁ። እዚህ ያለው ኔትወርክ ስልክ ከመደወል ለሌላ አይበቃም። ያለኝ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈትኩት። ምልክት የለም አለ። ኮርኒሱ ላይ ያለውን እጀታ እያዞርኩ የጣራውን አንቴና እስከ መጨረሻው አነሳሁት፤ ፊቱን ወደ ደቡብ መለስኩ። ጣቢያ እንዲፈልግ አደረግሁት። አንድ ብቻ አገኘ፤ እሱም ምስሉ እየተቆራረጠ ካሬ ካሬ ይሆናል። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አልኩት። ለውጥ የለም። የገመዱን ጫፍ ፈትቼ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁና መልሼ አጠበቅሁት። አሁንም ያው ነው።

መሰላል አውጥቼ ጣራ ላይ ወጣሁ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው።

በዚህ በረሃ ሰው ጣራ ላይ ከወጣ ጎረቤት የራሱን ወንበር ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የደረሱት ላይልና ሚስቱ ቬርና ነበሩ። እሷ በሰናፍጭ የታሸ የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ይዛለች።

«ሃርላን! በመሰላሉ ነው የምትወርደው ወይስ በአቋራጭ?» አለ ላይል ከታች።

«አንቴናው አልይዝ አለኝ።»

«ወዴት ነው ያዞርከው?»

«ወደ ደቡብ።»

«ደቡብ ተራራ ይጋርደዋል። ወደ ምዕራብ አድርገው።»

«አንተ ደግሞ!» አለችው ቬርና። «የራስህ ቴሌቪዥን ከገና ወዲህ ተዘግቶ ሰው ልታስተምር መጣህ?»

«የእኛ የሞተው ስክሪኑ ነው። አንቴናውማ ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ አንቴና፣ ዕውር ቴሌቪዥን። አንተኑ ይመስላሉ።»

ወረድኩ። ላይል ሳይጠየቅ ገባ። ጣቢያ እንደገና እንዲፈልግ አድርጌው እንደሆነ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ አልኩት። ከቴሌቪዥኑ ኋላ ግድግዳው ላይ ጎንበስ አለ። እዚያ አንቴናው የሚይዘውን ምልክት የሚያጎላው የማጉያው ቁልፍ አለ፤ አጠገቡ ምስር የምታክል መብራት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፕላስተር።»

«ፕላስተር መሆኑን አየሁ። እዚህ ምን ይሠራል?»

መብራቷ ስተኛ ዓይኔ ውስጥ ትገባለች። ከሦስት ዓመት በፊት ሸፈንኳት። እኛ የምንኖረው በባትሪ ነው፤ ማታ ማታ ባትሪ የሚጠጣውን ሁሉ እየዞርኩ አጠፋለሁ። ማጉያውንም አንድ ቀን ከሌሎቹ ጋር አጥፍቼዋለሁ ማለት ነው። መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ላይል ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጠው። መብራቷ ጨለማ ናት። ቁልፉን ተጫነ። አረንጓዴ በራች።

«ጣራ ላይ የወጣህበትን ተመልከት እንግዲህ!» አለ። ጣቢያ እንዲፈልግ አደረገው። አሥራ አንድ ጣቢያ አገኘ። የደቡቡም አለበት።

ለአሥራ አንድ ስምንት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። አመሰገንኩና በሩን ይዤ ቆምኩ።

«ዜናው ላይ የነገን ነፋስ አይተን እንሄዳለን፤ ትናንት የጥላ ሸራችንን ቀዶብናል» አለች ቬርና። ተቀመጠች። ላይልም ተቀመጠ።

አንቴና ያስተካከለልህን ሰው ውጣ አትለውም። ደግሞ እዚህ ማንም የማንንም የአባት ስም አይጠይቅም። የምንጠራራው በመጣንበት ግዛት ነው፤ ላይል የአይዋው ነው፣ እኔ የነብራስካው ሃርላን ነኝ። አምስት ክረምት ተጎታች ቤቶቻችንን ጎን ለጎን ስናቆም ቲቤትስ መባሌን አያውቁም። ስሙ ቢጠራም የማን እንደሆነ አይገባቸውም ብዬ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

ኒል ሁለተኛው ዜና ነበር። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ከስቷል። የእስር ቤት ልብስ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ኒል ቲቤትስ፣ ዕድሜው አርባ አንድ፣ አለች ዜና አንባቢዋ። አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። የሟቿ ዘመዶች በአንድ በኩል ሦስት ረድፍ ሞልተዋል። እናቷ ተናገረች። የተናገረችውን ሰማሁ፤ አሁን አላስታውሰውም።

«አነሰው» አለ ላይል።

«አነሰው» አለች ቬርና። «ግን እየው፣ ከኋላው ያለው ወንበር በሙሉ ባዶ ነው። አንድ ሰው እንኳ የለውም?»

«እንዲህ ያለ ሰው ማን ይኖረዋል?»

ሁለት ፖሊሶች ኒልን ሲያስወጡት ዞር ብሎ ያንን ባዶ ወንበር አየ። ከዚያ ዜናው ወደ ሌላ ሄደ።

«አባት አለው» አልኩ።

«የት ነው ታዲያ?» አለ ላይል እንቁላሉን እያኘከ።

«እዚህ።»

ላይል ማኘኩን አቆመ። ቬርና ሳህኑን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች አየችኝ፤ ከዚያ ስክሪኑን፤ ከዚያ እንደገና እኔን። የማስታወቂያ ሙዚቃ ይጫወት ነበር።

«ለምን አልሄድክም?» አለች።

«አላውቅም።»

እውነቴን ነው። ጠዋት መኪናውን አስነስቼ ነበር፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ተቀምጬ መልሼ አጠፋሁት።

የአየር ሁኔታው ቀረበ። ነገ ነፋስ የለም አለ። ሦስታችንም እስከ መጨረሻው አየነው።

«ነገ ልጅህ ጋ ላይል ይነዳልሃል» አለች ቬርና።

«መንዳት እችላለሁ።»

«መንዳትማ ትችላለህ። መሄድ ነው ያቃተህ።»

ላይል እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ወደ እኔ አላየም። «ስንት ሰዓት እንነሳ?» አለ።

ቬርና ተነስታ የተረፈውን እንቁላል ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ማስገባት ጀመረች።

«አንድ ሰዓት» አልኩ።