ለፈለገ መምህር

ዝድራቭካ ማኖሎቫ አርብ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርዳ ዋና ከተማዋን ሶፊያን ስትረግጥ ቦርሳዋ ውስጥ የያዘችው ልብስም ስንቅም አልነበረም፤ ከቤቷ ቧንቧ የቀዳችው አንድ ጠርሙስ ውሃ እንጂ።

የሁለተኛ ደረጃን የሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት እንዲያሻሽል የተቋቋመው ኮሚቴ የመጨረሻ ስብሰባውን የሚያደርግበት ዕለት ነው። ከአባላቱ መካከል እስከ ዛሬ ጠመኔ የምትይዝ እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ጠመኔ ከጣሉ ቆይተዋል፤ ስለ ጠመኔ ግን እንደነሱ የሚያወራ የለም። የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ በዝቷል፣ አንድ ትምህርት መውጣት አለበት ተብሏል። የሚወጣው የእሷ ሊሆን እንደሚችል ሰምታለች።

ትምህርቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ የሚጠጣውን ውሃ በጠርሙስ ይዞ ይመጣል፣ መመርመሪያ ወረቀት ይነክርበታል። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ከቀረ እሰየው፤ ከቀላ ማዳበሪያና የበረት እዳሪ ወደ ውሃው ዘልቋል ማለት ነው። ይህን ትምህርት የቀመሩት እሷና የባዮሎጂ መምህሩ ባሏ ሩሲ ናቸው፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ እየተጨቃጨቁ። ሩሲ ሞቷል። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት አቅም ያለው ቤተሰብ መንገድ ዳር ምንጭ ያሠራለታል፣ መንገደኛ ጠጥቶ «እግዜር ይማረው» እንዲል። ዝድራቭካ ድንጋይ የምታስጠርብበት አቅም የላትም። ለማንም አልተናገረችም እንጂ በልቧ ይህንኑ ትምህርት ምንጭ ልታደርግለት አስባለች። በአገሩ ሁሉ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጠርሙሱን ይዞ ሲመጣ፣ የሩሲን ስም ባያውቀውም፣ እሷ እንደ ጸሎት ትቆጥረዋለች።

ትምህርቱ ግን ጎረቤት አሳጥቷቸዋል። በመንደራቸው በጎርና ሊፓ መግቢያ ላይ እትዬ ጊና ለአንድ ልጇ ለሚሌን ያሠራችው ምንጭ አለ። ሚሌን በሞተር ብስክሌት ተገልብጦ የሞተ ለግላጋ ነበር። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ ከዚያ ምንጭ ቀድታ መጣች፣ ወረቀቱ ቲማቲም መሰለ። የልጅቷ እናት ደግሞ በዚያው ውሃ ለጨቅላዋ ወተት ትበጠብጥ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ውሃ ጨቅላን ይገድላል። ሩሲ ዝም ማለት አልቻለም፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ተናገረ፣ ምንጩ ላይ «አይጠጣም» የሚል ቆርቆሮ ተሰቀለ። ማንም የማይጠጣው ምንጭ ማለት ማንም «ይማረው» የማይለው ሟች ማለት ነው። እትዬ ጊና ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱን ፊት ነሳቻቸው፣ ለሩሲ ቀብር እንኳ አልመጣችም። መንደሩም ቀስ በቀስ ወደ እሷ አደላ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይል ነበር ሩሲ፣ መጀመሪያ እየሳቀ፣ በኋላ ሳይስቅ።

ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ኦግኒያን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስብሰባውን ከፈቱ።

«ወይዘሮ ዝድራቭካ፣ ጠርሙስ ይዘው መጥተዋል አሉ። ራኪያ አረቄ ከሆነ ስብሰባውን አሁኑኑ እንዝጋው!»

ሁሉም ሳቀ። እሷም ለወጉ ሳቀች።

«ውሃ ነው ፕሮፌሰር። ትምህርቱን ከመቁረጣችሁ በፊት አንዴ በእጃችሁ ሞክሩት ብዬ ነው።»

ራሊጻ የምትባል ወጣት የትምህርት ዘዴ ባለሙያ ፈገግ አለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር።

«በስክሪን የሚያሳይ ፕሮግራም አለን እኮ። ልጁ ይጫናል፣ ወረቀቱ ይቀላል። ውሃ አይደፋ፣ ጠርሙስ አይሰበር።»

«የማን ውሃ ነው የሚቀላው?» አለች ዝድራቭካ።

«የማንም አይደለም፣ ምሳሌ ነው።»

«የማንም ካልሆነ ታዲያ ልጁ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ምን ይላታል?»

«ችግሩ እሱ ላይ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ አሁን ሳይቀልዱ። «ልጁ ቤቱ ገብቶ ይናገራል፣ እናት ትደነግጣለች፣ ከንቲባው እኛ ላይ ይጮኻል። እርስዎ መንደር የሆነውንም ሰምተናል። እስቲ ይንገሩኝ፣ ትምህርት ቤት ሰው ከሰው የሚያጣላው ለምንድን ነው?»

ዝድራቭካ መልስ ነበራት። አውቶቡስ ላይ ስታጠናው ነው የመጣችው። ያ ጨቅላ ዛሬ ጤነኛ ጎረምሳ መሆኑን ልትነግራቸው ነበር። ግን «መንደር» ሲሉ እትዬ ጊና ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ ታያት፣ የቀብሩ ዕለት ሰው ያልተቀመጠባቸው ወንበሮች ታዩአት። «ሕፃኑ…» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ጠርሙሷን ወደ ራሷ ሳበች።

ፕሮፌሰሩ ማንንም የማያስቀይም መፍትሔ አገኙ። ትምህርቱ አይሰረዝም፤ ግርጌ ላይ «ለፈለገ መምህር» ተብሎ ይቀመጣል። ሁሉም እፎይ አለ፣ አጨበጨቡላትም። ዝድራቭካ ግን የኖረችው ክፍል ውስጥ ነውና ለፈለገ የተባለን ነገር ማን እንደሚፈልገው ታውቃለች። ጠርሙሷን ሳትከፍት መልሳ ከተተች። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይኼ ነው።

እሷ ራሷ እንኳ ያቺ የፈለገች መምህር መሆን አትችልም። ዘጠነኛ ክፍል ከጎርና ሊፓ ተነስቶ ወደ ከተማ ከተዛወረ ሰንብቷል፤ መንደሩ የቀሩት ጥቂት ትንንሽ ልጆች ናቸው። ወጣቱ ወደ ጀርመንና ወደ ስፔን፣ በጎቹ ወደ ቄራ ሄደዋል፣ እርሻውን እሾህ ወርሶታል። ማታ ቤቷ ገብታ የሩሲን ወንበር አየች። «አልቻልኩልህም» አለችው ጮክ ብላ። በቤቱ ውስጥ ሰው ከተናገረ ስለቆየ የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት።

በማግስቱ የሙታን ቅዳሜ ነበር። ስንዴ ቀቅላ፣ ስኳር ነስንሳበት፣ ወይን ይዛ ወደ መቃብሩ ወረደች። የዚያን ቀን ንፍሮው ለሟች የሚደርሰው ሌላ ሰው ሲቀምስለት ነው። ወይኑን ለሩሲ አፈሰሰችለትና ሳህኑን ይዛ ዞር ዞር አለች። የሚቀምስላት አልነበረም። ቄሱም ብዙ መንደር ይጠብቃቸው ስለነበር ፈጥነው ሄደዋል። ሳህን ይዞ ሰው ማጣትን የመሰለ ብቸኝነት የለም።

«ስኳር አብዝተሻል» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

እትዬ ጊና ናት፤ ከዘራዋን ተደግፋ፣ ከሳህኑ ዘግና ታኝካለች።

«እሱ ጣፋጭ ይወድ ስለነበር ነው እትዬ» አለች ዝድራቭካ።

«ለኔ ትነግሪኛለሽ? ስንቴ የጋገርኩትን የባኒጻ ቂጣ ጠራርጎ በልቷል!» አሮጊቷ ስንዴውን ዋጠች፤ «ይማረው» ግን አላለችም። «ሶፊያ ሄደሽ ነበር አሉ። ትምህርቱን ምን አደረጉት?»

«ለፈለገ መምህር ብለው ተዉት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ማንም አይፈልገውም ማለት ነው።»

እትዬ ጊና ከጥቁር መጎናጸፊያዋ ሥር አፉ በጨርቅ የታሰረ ጠርሙስ አወጣች።

«እንዲጥሉት ስሳል ነው የኖርኩት፣ አልዋሽሽም። አሁን ግን ሞቴ ቀርቧል፣ ሳላውቅ መሄድ አልፈልግም። ያውልሽ፣ ከሚሌን ምንጭ ነው። እኔ ፈልጌዋለሁ።»

የትምህርት ቤቱ ቁልፍ ዝድራቭካ ጋ ነበር። በኬሚስትሪው ክፍል ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። እትዬ ጊና አንዱን አውርዳ ከፊት ተቀመጠች፣ እንደ ተማሪ እጇን አጣጥፋ። ዝድራቭካ ወረቀቱን ነክራ ጠበቀች። ከቀላ የዚህችን ሴት ልጅ ዳግመኛ ልትቀብርባት ነው። ቢቀላም ነጭ ነው ልበላት ብላ አሰበች። እውነት ለመናገር አጥብቃ አሰበች። ሩሲ ግን አይዋሽም ነበር።

ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሌላ ነከረች፤ እሱም ነጭ።

«ምነው ዝም አልሽ? ንገሪኛ!»

«ንጹሕ ነው እትዬ። ይጠጣል።»

አሮጊቷ እልል አላለችም፣ አላለቀሰችም። በመስኮቱ አሻግራ ከምንጩ በላይ ያለውን ኮረብታ፣ እሾህ የዋጠውን እርሻ፣ ጣሪያው የወደቀውን የበግ በረት አየች።

«ሰው ስለሌለ ነው አይደል?»

«አዎ። ማዳበሪያ የሚበትን የለም፣ በግም የለም።»

«እንግዲህ ጠጪ ሲጠፋ ጠራልኝ በይኛ።»

ዝድራቭካ ብርጭቆ ልታነሳ እጇን ሰደደችና «በላቦራቶሪ ዕቃ አይጠጣም» የሚለው የሩሲ ቁጣ ትዝ አላት። ጠርሙሱን እንዳለ አነሳችው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ የድንጋይ ጣዕም አለው።

«ሚሌንን እግዜር ይማረው» አለች።

እትዬ ጊና ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀብላ ረጅም ጠጣች፣ አገጯን በመዳፏ ጠረገች።

«ሩሲንም ይማረው» አለችና መልሳ አቀበለቻት። «ጨርሺው በይ። ለማን እናስቀራለን?»

እየተቀባበሉ ጨረሱት።