የእማማ ደጊቱ ምስክርነት

ያለምወርቅን የሆላንድ መኖሪያ ፈቃድ ያስከለከላት የአከራይዋ የእማማ ደጊቱ ደግነት ነው። ለፈቃዱ መጋባት ግድ አልነበረም፤ ከሆላንዳዊው ፍቅረኛዋ ከማርቲን ጋር አብረው መኖራቸውን የሚያስረዳ ሰው ይበቃ ነበር። እማማ ደጊቱ ግን ቀበሌ ቀርበው «ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ፈረንጁ የተከራየው ሌላ ክፍል ነው» ብለው መሰከሩ።

«እማማ፣ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ስንኖር ያውቁ የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ እንጂ! ግድግዳው ስስ ነው። ታዲያ ሳይጋቡ አብረው ኖሩ ብዬ ስምሽን ላጥፋ?»

ያለምወርቅ ሳቋ መጣ። ማርቲን ሥራው አልቆ አገሩ ከገባ ወዲህ ክፍሉ ጭር ብሏል። እዚህ ዳንግላ ሳለ ጠዋት የጋሪ ድምፅ ሲሰማ በመስኮት ብቅ ብሎ ፈረሱን «እንደምን አደርክ?» ይለው ነበር። ባለጋሪውም በፈረሱ ፈንታ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ያኔ ይህን ኑሮ ማስረዳት ያስፈልጋል ብሎ ማን አሰበ?

«ስሜ ይጥፋ» አለች። «ማርቲን ይበልጥብኛል።»

«አባትሽ ቢሰማስ?»

«እኔው እነግረዋለሁ።»

እማማ ደጊቱ ትክ ብለው አዩዋትና ነጠላቸውን አነሡ።

«እንግዲህ ቀበሌ ሄጄ ላዋርድሽ። ለሠርግሽ ግን ሳትጠሪኝ ብትቀሪ ወዮልሽ!»

እያጉረመረሙ ወጡና በሩን ዘጉት።