በቁሜ የተነፋልኝ ጥሩምባ

የዛሬን አያድርገውና ጎሮ ያኔ ጫካ ነበር። አሁን ፎቅ የበቀለበት ሁሉ ባሕር ዛፍ ነበር፤ የእኛም ቤት ከጫካው ጥግ ነበረች። ባሌ ተስፋጽዮን ግንበኛ ነው። ቀን ገርጂ የሰው ቤት ሲገነባ ይውልና ሲመለስ የራሳችንን ያቆማል። እኔ ጭቃ አቦካለሁ፣ እሱ ይለስናል። በአራት ዓመት ጨረስናት። ከእሷ ሌላ በዚህ ምድር ምንም አልነበረንም።

ሰውየው ታዲያ ዝምተኛ ነው፤ ዝምታው አንጀት ያሳርራል። «ወጡ እንዴት ነው?» ስለው «ይበላል» ይለኛል። ይበላል! ስንት ቀን ተናድጄ ሰሃኑን ከፊቱ አንስቻለሁ።

በሰማንያ ስምንት፣ የካቲት ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጫካው ተያያዘ። ነፋሱ ወደ እኛ ነው። እሪ ብል ማን ይስማኝ? ከሰል አክሳዮች በየበጋው ሲያጨሱት ስለሚከርሙ፣ ጭስ ለጎሮ ሰው ብርቁ አይደለም። እየሮጥኩ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ረታ ጋ ሄድኩ።

«ጋሽ ረታ፣ ይንፉልኝ! ቤቴ ሊቃጠል ነው!»

«ጥሩምባው ለሞት እንጂ ለእሳት አይነፋም። ሕጉን ታውቂያለሽ።»

«እንግዲያው እኔ ሞቻለሁ! አስመረት ሞተች ብለው ይንፉ!»

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ?»

«ቤቴ ከነደደ መሞቴ ይቀራል?»

አማተቡና ነፉ። «የተስፋጽዮን ባለቤት ወይዘሮ አስመረት አርፋለች!» እያሉ መንደሩን ዞሩት።

ወይ ጉድ! ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ነቅሎ መጣ። ወንዱ ድንኳን ተሸክሞ፣ ሴቱ ደረቱን እየመታ። እኔ ደግሞ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እሳቱን እየደበደብኩ ነው። ጎረቤቴ ሸምሲያ ስታየኝ ልቅሶዋን አቋረጠች።

«ያ አላህ! ሞተሻል አይደል እንዴ?»

«በኋላ ትሰድቢኛለሽ፣ አሁን ውሃ አምጪ!»

ሰደበችኝም፣ አመጣችም። ለመቃብሬ ተብሎ የመጣው ዶማና አካፋ አፈር ሲዝቅ፣ ድንኳኑ በውሃ ተነክሮ አጥራችን ላይ ሲዘረጋ፣ እሳቱ እዚያው አጥሩ ሥር ሞተ።

ለካ በዚህ መሃል አንዱ ገርጂ ድረስ ሄዶ ባሌን ይዞት እየመጣ ነው። መርዶ በድንገት አይነገርምና «አስመረትን ትንሽ አሟታል» ነው ያለው። ትንሽ አሟታል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የማያውቅ የለም።

ልብሱ ሲሚንቶ እንደለበሰ እየሮጠ ደረሰ። ጭሱን አላየም። አራት ዓመት የደከመባት ቤት ትትረፍ ትንደድ፣ ዞር ብሎ አላያትም። በሩ ላይ ተደፍቶ «አስመርዬ! ያለ አንቺ ቤት ምን ይሠራልኛል! ምነው እኔን በነደደኝ!» እያለ ሲያለቅስ ከኋላው ቆሜ ሰማሁት። አስመርዬ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ጥላሸት የሆነ እጄን ትከሻው ላይ ሳሳርፍ ዞሮ አየኝና መሬት ላይ ዘጭ አለ። ሁለታችንም አፍረን ነበር።

እድሩ ስብሰባ ጠርቶ ሲቆጣኝ ዋለ። ይቆጣ! እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር።

ተስፋጽዮን ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። የቀብሩ ዕለት ያላልኩት የለም፤ ስንት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ሁሉ አወጣሁት። ሰፈሩ ሰማኝ፣ ዘመድ ሰማኝ። እሱ ብቻ አልሰማኝም። እሱስ በቁሜ አሰምቶኛል። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር፣ ምን ነበረበት አንድ ቀን ብነግረው?