አይመለከተውም

እኔ ዊበ ሁክስትራ ሆላንድ፣ ግሮኒንገን ከተማ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሥጋ ቤት ሠርቻለሁ። አንጀት አጥቤያለሁ፣ ጨጓራ ገልብጫለሁ፤ አንድም ቀን አፍንጫዬን ይዤ አላውቅም። እንደ ሐኪሜ እንደ ዶክተር ፋን ሎን ክፍል ያንገሸገሸኝ ቦታ ግን የለም።

ፕሮስቴት ዕጢዬ ላይ ካንሰር ተገኝቷል። ቶሎ ስለተደረሰበት ትተርፋለህ ተብያለሁ፤ ወይ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ወይ ጨረር። ዶክተሩ ጨበጠኝና አጠገቤ የተቀመጠውን ራይንደርን አየው።

«ወንድምዎ ናቸው?»

«ባሌ ነው። ሃያ ስድስት ዓመታችን።»

«ኦ! በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» አለና ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተከለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀና ብሎ አላየንም። ስለ ሽንት ነገረኝ፣ ስለ ሰገራ ነገረኝ፤ ስለ መኝታችን ትንፍሽ አላለም። ሲሸኘን የሰጠኝ ወረቀት ላይ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ብስክሌት እየነዱ ይስቃሉ።

«ሁለቱም እኩል ያድናሉ» አለኝ። «ዓርብ ምርጫዎን ይንገሩኝ።»

በምን ልምረጥ? አልጋ ላይ ተቀባዩ እኔ ነኝ። ይኼን ስናገር አላፍርም፤ በስድሳ ሦስት ዓመቴ ማንን እፈራለሁ? ፕሮስቴት ከፊንጢጣ ጎን ስለሆነ ጨረሩ የሚያርፈው እዚያው ጎረቤት ነው። ከዳንኩ በኋላ ከራይንደር ጋር የምኖረው እንደ ባል ነው ወይስ እንደ ደባል? ማወቅ የፈለግኩት ይኼንኑ ብቻ ነበር።

ቤት ገብቼ በሆስፒታሉ ድረ ገጽ ፋይሌን ከፈትኩ። «ግብረ ሥጋ ግንኙነት፦ አይመለከተውም» ይላል። ኤጭ!

«ተወው ዊበ» አለኝ ራይንደር፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሳህን እያጠበ። «ዋናው መትረፍህ ነው።»

«አንተንም አይመለከትህም?»

ያጠበውን ሳህን እንደገና ያጥብ ጀመር።

ዓርብ ዕለት ገና ሳልቀመጥ ጀመርኩ። «ማነው አይመለከተውም ያለው? እኔን ሳትጠይቁ አልጋዬን ማን ዘጋው?»

የዶክተሩ ፊት ቀይ ሥር መሰለ። ፋይሉን አገላብጦ አንድ ቅጽ አወጣ። «እኛ አይደለንም አቶ ሁክስትራ። የሞሉት እርስዎ ነዎት።»

ጽሕፈቱ የኔ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን እኔ ለምርመራ ደም ልሰጥ ስገባ ራይንደር ነበር ቅጹን ተቀብሎ የሞላልኝ።

«አንተ!» አልኩት።

«ጥያቄውን አንብበው!» ብሎ ጮኸ፤ እሱ ደግሞ ሰው ፊት ጮኾ አያውቅም። «‹ከሚስትዎ ጋር በሚያደርጉት ግንኙነት ችግር አለ?› ነው የሚለው። አለ፣ የለም፣ አይመለከተውም። ሚስት አለህ እንዴ? የቱ ላይ ላድርግልህ? ጸሐፊዋ ቆማ እያየችኝ ‹ሚስቱ እኔ ነኝ› ብዬ ልጻፍ?»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እሱን መቆጣት አልቻልኩም። ያቺን ወረቀት ግን ስንት የተማረ ሰው አንብቦ አለፋት! የበሰበሰ ሥጋ እንኳ እንዲህ አይቀፍም።

«በሉ አሁን ልጠይቅ» አልኩ። «ተቀባዩ እኔ ነኝ። ጨረሩ ምን ያደርገኛል?»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ያ ቦታ... ይቆስላል። ለወራት መታቀብ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ላይ መድማቱና ሕመሙ ለዘለቄታው ይቀራል።»

«ቀዶ ሕክምናውስ?»

«እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ስሜቱ ይቀንሳል። ቁስሉ ከሻረ በኋላ ግን ያ ቦታ በአብዛኛው ደህና ነው።»

«ይኼን ዛሬ ነው ያወቁት?»

«አይ... ድሮም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለማን አስቀምጠውት ነበር?»

ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ልዩነት ያለው ስላልመሰለው ለሰኞ ጨረር እንዳስያዘልኝ ነገረኝ። ጊዜ ለመቆጠብ ነው አለ። ወይ ጉድ! ልሳደብ አፌን ከፈትኩ።

ራይንደር ቀድሞኝ ብድግ አለ። በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ይሰማሉ።

«ይሰርዙት» አለ። «ባሌ ገና አልመረጠም።»

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሰው ፊት «ባሌ» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።