ነጭ ጫማና ጥቁር ሚካ

«ጨዋታው ያምራል፤ ለምን ይዋሻል?» አለ ናውፈል ለስልኩ፣ ሁለት እግሮቹን ጠረጴዛው ላይ አነባብሮ። «ሥዕሉ ፊልም ነው። ውስጡ ሲዘንብ ጃኬትህን ፍለጋ ትነሳለህ። ጀግናው ግን ግድግዳ ሲወጣ አይታችሁታል? የአክስቴ ባል ከሶፋ ሲነሳ ነው የሚመስለው። ሌሊቱን ሙሉ ተጫወትኩ፤ ግማሹን ሌሊት በር ሲከፍት ነው ያየሁት። ፍርድ፦ ሻይ ነው፣ አረፋ ግን የለውም።»

ስልኩን የያዘለት ጃዋድ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነክሷል። ጌም ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ከኋላ ጆይስቲክ ይዘው የተደረደሩት ጎረምሶች ኳሳቸውን አቁመው ይሰማሉ።

ናውፈል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሂሳብ አያያዝ ይማራል። ሰፈሩ ደርብ ሱልጣን ግን፣ ከደርብ ሱልጣንም አልፎ መላው ካዛብላንካ፣ «ነጭ ጫማ» ብሎ ነው የሚያውቀው። እያንዳንዱ ቪዲዮ የሚጀምረው ጠረጴዛ ላይ ከተሰቀለው ከዚያ እንከን ከማያውቅ ጫማ ነው። አዲስ ራፕ ሲወጣ፣ አዲስ ጌም ሲመጣ፣ ልጁ ፍርድ ይሰጣል። ጥሩ ከሆነ አረፋው የቆመ ሻይ ነው። እንዲህ እንዲያ ከሆነ አረፋ የሌለው ሻይ። የማይረባ ከሆነ ደግሞ «ሚካ» ይልና ጥቁር የዕቃ መያዣ ፌስታል ስልኩ ላይ ይደፋበታል። እዚያ አገር ሰውን እያዩ እንዳላዩ ማለፍ «ሚካ ማድረግ» ይባላል፤ ሚካ የተደረገበት ሰው ቢጮህም የሚሰማው የለም።

«አሁን ወደ ሙዚቃ» አለ ናውፈል። «ከራባት ከተማ አንድ ወንድማችን አዲስ ነገር ለቋል። ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሀብታም ነኝ ይላል። ወንድሜ፣ ሀብታም ከሆንክ ከበሮ መቺ ቅጠራ! ቢቱ ድምፅ ቀንሱ ሊል የመጣ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ ነው። ግጥሙ ደግሞ…»

በሩ ተከፈተና ሙንሲፍ ገባ። ፀጉሩ ከዝናቡ ርሷል፤ ልብሱ ላይ ከሚሠራበት የአሉሚኒየም ቤት የመጣው ብናኝ አልተራገፈም። በእጁ የተጨማደዱ ጥቁር ፌስታሎች ይዟል። ማንንም ሰላም ሳይል መጥቶ ከነጩ ጫማ አጠገብ ጣላቸው።

«በራችን እጀታ ላይ ታስረው አደሩ» አለ። «ዛሬም፣ ትናንትም።»

ከኋላ አንዱ «ሚካ!» አለና ጌም ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙንሲፍ በዕድሜው የመጀመሪያውን ዘፈን የለቀቀው ባለፈው ሳምንት ነው። ናውፈል ትራም ውስጥ ሆኖ ሰማው፤ መልሶም ሰማው። ጥሩ ነበር። አረፋው ከብርጭቆ የሚፈስ ሻይ ነበር፣ ያቃጠለውም ይሄው ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አብረው ግጥም ሲገጥሙ፣ ቤት የሚመታለት ናውፈል፣ ሙንሲፍ ደግሞ አጨብጫቢ ነበረ። አሁን አጨብጫቢው ዘፈነ፣ ገጣሚው ፍርድ መስጠት ብቻ ቀረለት።

የዘፈኑ አዝማች «በዚያ ክረምት እናቴ ሚካ አደረገች» ይላል። በአማርኛ ቢሆን አንዲት ፊደል ትገላግለን ነበር፤ «አደረገችልኝ» ሌላ ነው፣ «አደረገችብኝ» ሌላ። በካዛብላንካ አፍ ግን ልኝ እና ብኝ አንድ ናቸው፤ ሰሚው ወደፈለገው ይጎትታቸዋል። ናውፈል ወዴት እንደሚጎትት ጠፍቶት አልነበረም። ልጆች ሳሉ ክረምት ሲገባ የሙንሲፍ እናት ላላ ሮቂያ፣ በእኛ አጠራር እትዬ ሮቂያ፣ ሁለቱንም ደረጃው ላይ ያስቀምጡና፣ የተቀደደ ጫማቸውን ከነእግራቸው በጥቁር ሚካ ጠቅልለው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያስሩላቸው ነበር። የናውፈል እናት በዚያ ሰዓት ሰርዲን ፋብሪካ ገብታለች። ሁለቱ ልጆች እየተንኮሻኮሹ ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፣ እግራቸው ሳይረጥብ። ዘፈኑ ይህ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የእናት ምስጋና።

ናውፈል ግን ጫማውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ፣ «በዚያ ክረምት እናቴ ሚካ አደረገችብኝ ይላል። ወንድሜ፣ የወለደችህ ካልሰማችህ እኛ ምን ቤት ነን?» አለና ፌስታሉን ስልኩ ላይ ደፋው። ከለቀቃቸው ሁሉ የዚህን ያህል የተሰራጨለት ቪዲዮ የለም። የሰፈሩ ማቲ ሁሉ ሙንሲፍ ሲያልፍ ፌስታል ራሱ ላይ እያጠለቀ መከተል ጀመረ።

«ስልኩን አውርደው ጃዋድ» አለ ሙንሲፍ።

ጃዋድ አላወረደም።

«ናውፈል፣ ሚካው ምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ምኑን?»

«ታውቃለህ።»

«እኔ የሰማሁትን ነው የፈረድኩት» አለ ናውፈል፣ እግሩን ሳያወርድ። «አርቲስት ሆነሃል አይደል? ትችት ቻል እንጂ ወንድሜ። እዚህ ደንቡ የተሸነፈ ይነሳል ነው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጎረምሶቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ሙንሲፍ ነጩን ጫማ ለረጅም ጊዜ አየው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃው ነበር። «ይሄም እግር ታስሯል» ቢል የዚያ ቤት ሳቅ በሙሉ ዞሮ ወደ ሌላኛው ወንበር በሄደ። አላለም።

«ውጪ ላናግርህ» አለ ብቻ።

ከጌም ቤቱ ደጅ፣ ሸራው ሥር ቆሙ። ዝናቡ ከላይ ይደበድባል።

«ስለ እግርህ ለማንም አልናገርም» አለ ሙንሲፍ። «እሱ የራስህ ነው። ቪዲዮውንም አታጥፋው፣ የሳቀው ስቋል። ለእናቴ ብቻ ንገርልኝ።»

«ምን ሆኑ?»

«ያቺ የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ቪዲዮህን አሰማቻት። ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ አታየኝም። ትምህርት የተውኩበትን ክረምት ታስታውሳለህ? ያኔ አኩርፋ ስንት ጊዜ ሳታናግረኝ ከረመች። ያንን በዓለም ፊት የዘፈንኩባት መስሏታል።»

«ታዲያ አንተ አትነግራቸውም?»

«ነገርኳት እንጂ! ‹ሰው ሲስቅብህ ጊዜ ቃሉን አዞርከው› አለችኝ። አንተን ግን ታምንሃለች። እግርህን ያሰረችው ራሷ ናት።» እርጥብ ፀጉሩን በእጁ ወደ ኋላ መለሰ። «ፈጣሪ ያውቃል፣ ለሷ ብዬ ነው የሠራሁት። እሷ ካልገባት ዘፈኑ ለምኔ ነው?»

ናውፈል አፈረ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ልቡ ራርቶ ነበር። «እሺ፣ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ» አለ። መንገዱን ተሻግረው ወደ ፎቁ ገቡ። ሙንሲፍ ከደረጃው ሥር ቀረ፤ «እስክታውቅ ድረስ ፊቷ አልቆምም» አለ።

ላላ ሮቂያ በመስኮቱ ብርሃን ተቀምጠው ጀለባ ለሚባለው ረጅም ቀሚስ ቁልፍ በሐር ክር ይጎነጉናሉ። መተዳደሪያቸው እሱ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ያመጡላቸዋል፣ እሳቸው ቁልፍ በቁልፍ ይጨርሳሉ።

«አንተ ነህ? ግባ ልጄ፣ ግባ። ጠፋህ እኮ! ሻይ ላፍላልህ?»

«አይ ላላ፣ አይድከሙ። አልቆይም።»

«እንግዲያው ቁጭ በል።» ሥራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ምንም እንኳን በልጄ ብትስቅበት አልተቀየምኩህም። ጎረምሳ መሳሳቁ ያለ ነው። ግን አንተ የተማርክ ነህ፣ የዘፈን ዳኛ ሆነሃል ይሉኛል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ያ ሚካ የሚለው… የእግሩን ነው? ወይስ ያኛውን?»

«እሱ ምን አለዎት?»

«የእግሩን ነው ይላል። ምን ይበል? ልጅ እናቱን ካሳዘነ በኋላ የማይለው የለም።» ከዚያ ፊታቸው ቀስ ብሎ በራ፤ ወደ ናውፈል ጠጋ አሉ። «የእግሩን ከሆነ ግን፣ ወላሂ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነው የምናገረው! ልብስ የሚያሰጡትን ሴቶች ሁሉ እሰበስባለሁ። ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ እላለሁ፣ ለልጄም ለናውፈልም። ያ ነጭ ጫማ የምትሉት፣ ትምህርት ቤት የደረሰው በእኔ ሚካ ነው እላለሁ። ያቺ የታችኛዋም ስልኳን ታምጣና ትቅረጸኝ። ምን ነውር አለው? ክብር ነው እንጂ!»

ናውፈል ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ጣሪያው ታየው። ሴቶቹ ታዩት፣ የታችኛዋ ስልክ፣ ቀጥሎ ጃዋድ፣ ቀጥሎ ያ ጠረጴዛ ድብደባ። ነጩ ጫማው ፌስታል ለብሶ በየሰዉ ስልክ ሲዞር ታየው።

«ያኛውን መሰለኝ ላላ» አለ።

«የቱን?»

አፍ አውጥቶ መናገር ግድ ሆነበት። «ያላናገሩትን ክረምት። እኔም ስሰማው አዘንኩ።»

የመጨረሻውን ማንም አልጠየቀውም ነበር፤ ውሸቱ እንዲያምር ብሎ ጨመረው።

ላላ ሮቂያ ሥራቸውን አነሱ። መርፌው ቀዳዳውን ሳተ፣ ደግሞም ሳተ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «አላናገርኩትም። አንድ ቤት እየበላን አላናገርኩትም። ቂሙን ይዞ ነው የኖረው ለካ።» ክሩን በጣታቸው ጠመጠሙት። «ነገ ሰታት ከተማ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ጥቂት እሰነብታለሁ። እሱን የማይበት ዓይን የለኝም። ደግሞ መጠየቄን እንዳትነግረው።»

«አልነግረውም።»

ሊወጣ ሲነሳ እግሩን አዩት።

«በዚህ ዝናብ ይሄን የመሰለ ነጭ ጫማ! ቆይ።»

ከመቀመጫው ሥር ሁለት ጥቁር ሚካ መዘዙ። ሚካ በአዋጅ ከተከለከለ ወዲህም እያጣጠፉ ያስቀምጣሉ። ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

«ኧረ ይተዉት ላላ!»

«ዝም በል። እናትህ ትታዘበኛለች።» አንዱን እግር ጠቀለሉ፣ ሌላውን ጠቀለሉ፣ ጫፉን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አዙረው ቋጠሩት። እጃቸው አልረሳም። «በእግር ብቻ ነው ያደጋችሁት» አሉ፤ ፈገግ ለማለት ሞከሩና አልሆነላቸውም።

ናውፈል እየተንኮሻኮሸ ደረጃውን ወረደ። ሙንሲፍ ከሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ድምፁን ሲሰማ ቀና አለ፣ መጀመሪያ ያየውም እግሮቹን ነው። ብድግ አለ።

«አወቀች!» አለ። «አሰረችልህ! ይሄ የሷ ቋጠሮ ነው!» ናውፈልን አንገቱን አንቆ አቀፈው፤ ፊቱ በእንባ ርሷል። «አውቄ ነበር። አንተ ክፉ አይደለህም፣ አውቄ ነበር። ምን አለች? ንገረኝ፣ ምን አለች?»

ያኔም ጊዜ ነበረው። ክንዱን ይዞ ‹ቆይ፣ አብረን እንውጣ› ቢለው ነገሩ ሁሉ ከመበላሸቱ በፊት ይቃና ነበር። ከመንገዱ ማዶ ጃዋድ ከጌም ቤቱ ደጅ እጁን እያወዛወዘ ይጠራል፤ ያልተጨረሰ ፍርድ አለ።

«ውጣ» አለው ናውፈል። «እየጠበቁህ ነው።»

ሙንሲፍ ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። ናውፈል ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ሊፈታ ታገለ፣ እምቢ አለው። ሚካውን በቁልፉ ጫፍ ቀደደና ከደረጃው ሥር ጣለው። ከላይ በር ሲከፈት እንዳይሰማ፣ መንገዱን በሩጫ ተሻገረ።