ግራጫው ክዳን

ታላቅ ወንድሜ ከፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ ድንዝዝ ብያለሁ። አላለቀስኩም። አክስቶቼ "ይሄ ልጅ ምን ዓይነት ደረቅ ነው!" እያሉ አሙኝ። ይሙኝ፣ ምን አባቴ ላድርግ? ጋራዤን ከፈትኩ፣ የሰው ሞተር ሳይክል ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ በላሁ፣ ተኛሁ።

የምንኖረው አንድ ግቢ ነው። ጋራዤ ከበሩ ጎን፣ የእናቴ ክፍል ከጋራዡ ጀርባ፣ የወንድሜ ሚስት ደግሞ ከጓሮ። አንድ ቀን ሚስቱ የሱን ሞተር ሳይክል እየገፋች አመጣችልኝ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ከርሟል።

"አርቅልኝ" አለችኝ። "በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ። የመጣ እየመሰለኝ ክው እላለሁ፤ አንድ ቀን ልቤ ቀጥ ይላል። ግን በልጆችህ ሞት፣ በታትነው ለመለዋወጫ ለሚሸጡት እንዳትሰጥብኝ። እንደ ዓይኑ ብሌን የሚይዘው ሰው ይውሰደው።"

"የትኞቹ ልጆቼ?" አልኳት፤ ላጤ ነኝ። ፈገግ እንኳን አላለችም።

እንደዚያ የሚይዝ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚሰበስብ ደንበኛዬ። ይህን ዓይነት ሲፈልግ ኖሯል። ሰውየው ግን አመል አለበት። ከፋብሪካ የወጣበት መልክ ከተነካ ዞር ብሎ አያየውም።

ጣጣው ያለው ሞተሩን ግራና ቀኝ የሚሸፍኑት ሁለት የአሉሚኒየም ክዳኖች ላይ ነው። እነዚህ ከፋብሪካ ሲወጡም አያብረቀርቁም። ፈዘዝ ያለ ግራጫ ናቸው፤ በጣት ሲዳብሷቸው ደቃቅ ሸካራነት አላቸው። ዝናቡ ነጭ እድፍ አውጥቶባቸዋል። ሰነፍ መካኒክ የብርጭቆ ወረቀት ያነሳና መስታወት ያደርጋቸዋል፣ አላፊ አግዳሚውም "አቤት ሲያምር!" ይላል። ያ ሸካራነት ግን አንዴ ከሄደ ሄደ። እኔ ለብ ያለ ውሃ በሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ዘይት የጠጣው ቦታ ላይ ደግሞ ትንሽ ነጭ ጋዝ ነው የምጠቀመው። ማባበል እንጂ መፈተግ የለም። ሁለቱንም ፈታኋቸው፤ የቀኙን ክዳን እንዲህ ስለማመጠው ሰነበትኩና ግራጫው ተመለሰ፣ የግራው ገና ተራውን ይጠብቃል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አላለኝም።

ሰብሳቢው ሊያየው በሚመጣበት ጠዋት መለዋወጫ ልገዛ ወጣ አልኩ። ስመለስ እማዬ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ የቀኙን ክዳን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በድስት ሽቦ ትፈትገዋለች። አረፋው እስከ ክርኗ ደርሷል። ክዳኑ እንደ አዲስ ድስት ያብረቀርቃል።

"ኧረ እማዬ! ምን ማድረግሽ ነው?"

"ምን አደረግሁ? አመድ አስመስለህ ተውከው እኮ! የልጄን ዕቃ እንደ ቆሸሸ ለሰው ልትሰጡ? እኔ ቤት ያልጠራ ድስት አይተህ ታውቃለህ?"

እውነቷን ነው፤ አይቼ አላውቅም። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ፣ ንዴቱም እምቢ አለኝ።

ሰብሳቢው መጣ፤ የወንድሜ ሚስትም ልታስረክበው ከጓሮ ወጣች። ሰውየው ክዳኑን አንስቶ አውራ ጣቱን አስኬደበትና በቀስታ አስቀመጠው። "አይ፣ ይሄማ ተበላሽቷል። እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ ሄደ።

የወንድሜ ሚስት ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ነገ ጠዋትም ሞተር ሳይክሉ እዚሁ ግቢ ይጠብቃታል። "ማነው የነካው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አለች እማዬ፣ ሽቦውን ሳትለቅ። "እሱን ልጠበው ብዬ እግራችሁ ላይ ወድቄ ለመንኳችሁ። ፊቱ አይታይም አላችሁኝ። ጠቅልላችሁ ቀበራችሁብኝ። የልጄን ገላ ሳላጥብ ቀረሁ። ይሄንንም ልትከለክሉኝ ነው?"

የወንድሜ ሚስት ከግድግዳው ተላቀቀች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ሌላ ዱካ ስባ ከጎኗ ተቀመጠችና የግራውን ክዳን አነሳች። እሱ ገና አልተነካም፣ ማዳን ይቻል ነበር። ተይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

"እማማ፣ ከየት ነው የምጀምረው?" አለች።

እማዬ ሽቦውን ለሁለት ቀደደችና ግማሹን ሰጠቻት። "ከላይ ጀምሪ፣ የኔ ልጅ። ቀስ እያልሽ፣ እንዳያመው።"

ውሃው በጠቆረ ቁጥር እየደፋሁ ንጹሕ ቀዳሁላቸው።